ቤተ መጻሕፍቱ ሲለቅ ቤቱ ለማን ይሁን?

እ.ኤ.አ. በ1903 በሰሜን አሜሪካ ሁለት ዳርቻዎች ሁለት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተከፈቱ። አንደኛው ዋሽንግተን ዲሲ፣ ማውንት ቨርነን አደባባይ ላይ ነው፤ በምረቃው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ተገኝተዋል። ሁለተኛው በካናዳዋ ቫንኩቨር፣ ሜይን እና ሄስቲንግስ የሚባሉት ጎዳናዎች የሚገናኙበት ጥግ ላይ ነው። ገንዘቡ የወጣው ከአንድ ኪስ ነበር። ከስኮትላንድ በድህነት ተሰደው በብረት ኢንዱስትሪ ከዓለም ባለጸጎች ተርታ የተሰለፉት አንድሪው ካርኔጊ በዓለም ዙሪያ ከ2,500 በላይ ቤተ መጻሕፍት አሠርተዋል። ሲሰጡም ውል ነበራቸው፤ ቦታውን ከተማው ያቀርባል፣ ለማስተዳደሪያም የስጦታውን አንድ አሥረኛ በየዓመቱ ከበጀቱ ይመድባል።

ሁለቱም ሕንጻዎች ዛሬም አሉ። የዋሽንግተኑ የአፕል መደብር ሆኗል። የቫንኩቨሩ የሰፈር ማዕከል ሆኖ አረጋውያን የራሳቸው ሳሎን አላቸው፤ በርካሽ ዋጋ ምሳ ይበላሉ፣ ጋዜጣ ያነባሉ። ከአንድ ኪስ ወጥተው በአንድ ዓመት የተከፈቱ ሁለት ቤቶች እንዲህ የተለያዩት በአጋጣሚ አይደለም።

የዋሽንግተኑን ታሪክ እናስቀድም። ከተማው በዘር ተከፋፍሎ በሚኖርበት ዘመን ይህ ቤተ መጻሕፍት ጥቁርም ነጭም አንባቢ በአንድ በር አስገብቷል። በ1972 ሉድቪግ ሚስ ቫን ደር ሮኸ የነደፈው የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት ሲከፈት ዋናው ሥራ ወደዚያ ተዛወረ። አሮጌው ቤት ከዚያ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ ተንከራተተ። ለዓመታት ባዶውን ቆመ፣ ዩኒቨርሲቲ ተጠቀመበት፣ በ2003 የከተማ ሙዚየም ተከፈተበት፤ ሙዚየሙ ጎብኚ አጥቶ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ። በግንቦት 2019 አፕል ገባ። እውነቱን ለመናገር እድሳቱ የሚያኮራ ነው። ድንጋዩ ጸድቷል፣ መስኮቱ ብርሃን ያስገባል፣ የዋሽንግተን የታሪክ ማኅበርም እዚያው ቦታ አግኝቷል። ማንም ሰው ሳይከፍል ይገባል፣ በስልክ ፎቶ ማንሳትም በነጻ ያስተምራሉ። እንግዲህ አንድ አዛውንት ባስ ተሳፍረው መጥተው የልጅ ልጃቸውን ፎቶ አሳምረው ማንሳት ይማሩ ይሆናል። የደም ግፊታቸውን የሚለካ፣ የመጣላቸውን ደብዳቤ አንብቦ የሚያስረዳቸው ሰው ግን እዚያ አያገኙም።

የቫንኩቨሩ ቤትም መጀመሪያ ላይ ያው ዕጣ ደርሶት ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ በ1957 ሲለቅ ሕንጻው ለሙዚየም ቀረ፤ ሙዚየሙም በ1960ዎቹ መጨረሻ ሲወጣ በሩ ተቆለፈ። ከዐሥር ዓመት በላይ ዝናብና እርግብ ተፈራረቁበት፤ ይሸጥ የሚሉም ነበሩ። ሰፈሩ ዳውንታውን ኢስትሳይድ ይባላል። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ግንድ ሲቆርጡ፣ ማዕድን ሲቆፍሩ፣ ወደብ ላይ ሲጭኑና ሲያወርዱ ጉልበታቸውን የጨረሱ፣ ትዳርም ዘመድም አጠገባቸው የሌለ ሽማግሌዎች ነበሩ። በአሮጌ ሆቴሎች ውስጥ አንዳንድ ክፍል ተከራይተው ያድራሉ። ማብሰያ የላቸውም፤ እንግዳ ቢመጣ የሚያስቀምጡት አልጋቸው ላይ ነው። ቀኑ የሚያልፈው ወይ እዚያች ክፍል ውስጥ ነው፣ ወይ ቡና ቤት፣ ወይ አስፋልት ላይ።

በ1973 እነዚሁ ነዋሪዎች ማኅበር አቋቋሙ። ከመሪዎቹ አንዱ ብሩስ ኤሪክሰን ነበሩ፤ ኋላ የካናዳ ፓርላማ አባል የሆኑት ሊቢ ዴቪስም በወጣትነታቸው በዚያ ማኅበር ሠርተዋል። ጥያቄያቸው ለመረዳት ቀላል ነበር፦ እኛ ሳሎን የለንም፣ ከተማው ግን ባዶ ሕንጻ አለው። ለዓመታት በየምክር ቤቱ ስብሰባ እየሄዱ ይህንኑ ደጋገሙ። በጥር 1980 ሕንጻው የካርኔጊ የሰፈር ማዕከል ሆኖ ተከፈተ። ጠመዝማዛው የእብነ በረድ ደረጃ እንዳለ ቀረ፣ የደራሲዎች ምስል ያለበት ባለ ቀለም መስታወትም እንዲሁ። ምግብ ቤት ገባ፣ የአረጋውያን ሳሎን ተዘጋጀ። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ የንባብ ክፍሉ መመለሱ ነው። የከተማው ቤተ መጻሕፍት እዚያው ቅርንጫፍ ከፈተ፤ ቻይናታውን አጠገብ ስለሆነም የቻይንኛ ንባብ አልተረሳም። መጽሐፉ ከቤቱ ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ አረጋውያኑ ጠይቀው አስመለሱት።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ፍርድ ግልጽ ነው። ቤተ መጻሕፍት ወደ አዲስ ሕንጻ ሲዛወር የአሮጌው ቦታ የመጀመሪያ ወራሾች የሰፈሩ አረጋውያን ናቸው፤ ሲወርሱም የንባብ ክፍሉ አብሯቸው ሊቀር ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በአገራችን የአረጋውያን ማዕከል ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው ቢኒያም በለጠ የመሠረቱትን መቄዶንያን ነው። መቄዶንያ ጧሪ አጥተው ጎዳና ላይ የወደቁትን አንስቶ ያጥባል፣ ያጎርሳል፣ ያሳክማል። የሚያስመሰግን ሥራ ነው። እዚህ የምንነጋገርበት ግን አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ሲኒየር ሴንተር የሚሉት ዓይነት ነው፦ ማደሪያ ያላቸው፣ ልጅ ያላቸው፣ በእግራቸው የሚሄዱ ሰዎች ጠዋት ሄደው ከሰዓት የሚመለሱበት መዋያ። በአሜሪካ የመጀመሪያው የተከፈተው በ1943 ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ነው፤ የከፈተውም የከተማው የድጋፍ መሥሪያ ቤት ነበር። ተረጂ አረጋውያን ከገንዘቡ እኩል የሚያዋራቸው ሰው እንደሚቸግራቸው ያስተዋሉ ሠራተኞች ያመጡት ሐሳብ ነው። በ1965 የአረጋውያን ሕግ ወጣ። በ1972 ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች በጋራ የሚቀርብ ምሳ በፌደራል በጀት ተያዘለት። በቀጣዩ ዓመት የተደረገው ማሻሻያ ደግሞ ነባር ሕንጻን ገዝቶ ወይም አድሶ የአረጋውያን ማዕከል ለማድረግ የገንዘብ መንገድ ከፈተ። ነባር ሕንጻን ለአረጋውያን ማዋል፣ እንግዲህ፣ ዛሬ የተፈጠረ ቅዠት አይደለም።

ለምን የቤተ መጻሕፍት ቦታ? ትምህርት ቤትም ፖስታ ቤትም ይዘጋል። ዋናው ምክንያት አቀማመጡ ነው። የድሮ ቤተ መጻሕፍት የተሠራው መኪና ለሌለው ሰው ነው። ሕፃን ከትምህርት ቤት ሲወጣ፣ ሠራተኛ ከሥራ ሲመለስ በእግሩ እንዲደርስበት ታስቦ መንገድ ዳር፣ ገበያ አጠገብ፣ የባስ መስመር ላይ ተተከለ። ከዓይኑ ድካም የተነሳ መንጃ ፈቃዱን የመለሰ የ78 ዓመት ሰውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ዛሬ ከባዶ መሬት የሚነሱ የአረጋውያን ማዕከሎች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት መሬት በሚረክስበት ከከተማ ዳር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ችግሩ ሁሉ ስለ መጓጓዣ ይሆናል።

ሌላው ምክንያት ሰዉ ነው። ማንኛውም የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ማለዳ በሩ ሳይከፈት ደጅ የሚጠብቀው ማን እንደሆነ ያውቃል። ጋዜጣ ፈላጊው ጡረተኛ ነው። ክረምት ሲሆን ለማሞቂያ፣ በጋ ሲሆን ለማቀዝቀዣ የሚመጣው እሱ ነው። ሳይገዙ የሚቀመጡበት፣ ለምን መጣህ የማይባልበት ቤት በከተማ ውስጥ እየጠፋ ነው፤ ቡና ቤቱም ቢሆን ሲኒው ሲያልቅ ዓይን ይበዛበታል። ስለዚህ ቅርንጫፉ ሲዘጋ አረጋዊው አንድ አገልግሎት ብቻ አይደለም የሚቀርበት፤ የሚውልበትን ያጣል። አዲሱ ሕንጻ በመኪና አምስት ደቂቃ ነው ይባላል። ለሚነዳው ነዋ!

ይህ ነገር ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ አይደለም። በአሜሪካ ትልቁ የኢትዮጵያውያን መናኸሪያ የዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው፤ ሜሪላንድ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ደግሞ በጆርጂያ አቬኑና በዙሪያው የሐበሻ ምግብ ቤት፣ የእንጀራ መደብርና የሒሳብ ሠራተኛ ቢሮ የተኮለኮለባት ናት። መጀመሪያ የመጡት ስደተኞች በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ ጎረምሶች ነበሩ፤ ዛሬ እነሱ ራሳቸው ጡረታ ወጥተዋል። ከእነሱ ሌላ ደግሞ በኋላ የመጡ አሉ፦ ልጆቻቸው ዜጋ ሆነው ያስመጧቸው፣ ብዙ ጊዜም የልጅ ልጅ ለማሳደግ የተጠሩ እናቶችና አባቶች።

የእነዚህን እናቶች ቀን ያየ ያውቀዋል። ልጅ ከማለዳ እስከ ማታ ሥራ ላይ ነው። ሕፃኑ እስኪያድግ ድረስ ቤቱ ጫጫታ አለው። ሕፃኑ ትምህርት ቤት ሲገባ ግን ሴትየዋ ከቴሌቪዥኑና ከስልካቸው ጋር ይቀራሉ። አዲስ አበባ ሳሉ ዕድር ነበራቸው፣ ሰንበቴ ነበራቸው፣ በአጥር ላይ ቡና ጠጡ የምትል ጎረቤት ነበረቻቸው። እዚህ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ሙስሊሙም ጁምዓ ይሄዳል፤ የቀረው የሳምንቱ ቀን ለማን እንደተሠራ አይታወቅም። ልጆቹ ክፉ ሆነው አይደለም። ሁለት ሥራ ይዞ የቤት ዕዳ የሚከፍል ሰው እናቱን ምን አድርጎ ያጫውታል?

ከብቸኝነቱ ጋር ወረቀት አለ። በ68 ዓመታቸው በግሪን ካርድ የመጡ አንድ አባት ሜዲኬርን ከፍለው ለመግባት እንኳ አምስት ዓመት በተከታታይ መኖር አለባቸው። በአምስተኛው ዓመት፣ ማለትም በ73 ዓመታቸው፣ ለዜግነት ማመልከት ይችላሉ፤ ነገር ግን ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። ሕጉ ለአዛውንት የሚያደርገው አስተያየት አለ፤ 55 ዓመት ያለፈውና በግሪን ካርድ 15 ዓመት የኖረ ሰው ከእንግሊዝኛው ነጻ ሆኖ የታሪኩንና የመንግሥት አስተዳደሩን ጥያቄ በቋንቋው ይመልሳል። 68 ላይ 15 ሲደመር 83 ነው። ስለዚህ ለእኚህ አባት የሕጉ ቸርነት የሚደርሳቸው ዕድሜ ከሰጣቸው ነው፤ አለበለዚያ ሐኪም የሚሞላው የነጻ ማድረጊያ ቅጽ ይኖራል፣ እሱም ጣጣው ብዙ ነው። የሚሻለው መንገድ አንድ ሰው ቀስ ብሎ፣ በትዕግሥት፣ በየቀኑ ጥቂት እንግሊዝኛ ቢያስተምራቸው ነው። ይህን ሥራ በአሜሪካ ሲሠሩ የኖሩት ደግሞ ቤተ መጻሕፍት ናቸው፤ የእንግሊዝኛ መለማመጃ ክበብ፣ የዜግነት ፈተና መጽሐፍ፣ ቅጽ ማተሚያ እዚያ ነው ያለው። የአረጋውያን ማዕከሉ የንባብ ክፍሉን አስወጥቶ የቢንጎ ጠረጴዛ ብቻ ቢያስገባ ለእኚህ አባት ግማሹ ጥቅም ቀረ ማለት ነው። ቢንጎውን የሚጠላ የለም፤ ቢንጎ ግን ዜግነት አያወጣም።

ቋንቋውም መብት ሆኗል። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ያወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ለተገልጋዩ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ ዋና ዋና ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግን የሚያስተዳድረው የሞንትጎመሪ ካውንቲም በአማርኛ ማስታወቂያ ማውጣት ከጀመረ ቆይቷል። ወረቀት ላይ የተተረጎመ ማስታወቂያና ደጃፍ ላይ ቆማ «እማማ፣ ምን ልርዳዎት?» የምትል ሠራተኛ ግን እኩል አይደሉም። ማዕከሉ ከሚቀጥራቸው ሰዎች ቢያንስ አንዷ እንዲህ የምትል መሆን አለባት።

ከዚያ ምሳው ይመጣል፤ በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፣ ብዙ በጎ ሐሳብ ወጥ ላይ ተበላሽቷልና። በፌደራሉ ሕግ የሚቀርበው የጋራ ምሳ አንድ ሰው በቀን ከሚያስፈልገው ንጥረ ነገር ቢያንስ አንድ ሦስተኛውን መያዝ አለበት። ተመጋቢው የቻለውን ያዋጣል፤ ባይኖረው አይከለከልም። እስከዚህ መልካም ነው። ነገር ግን ምሳው የሚቀርበው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ዓርብ ዕለት ዶሮ ሊሆን ይችላል። ረቡዕና ዓርብን የማይሽሩ፣ ሁዳዴን 55 ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ እናት ያን ትሪ ምን ያደርጉታል? ጎረቤታቸው ሙስሊም ከሆኑም ሥጋው ሐላል መሆኑን ሳያውቁ አይነኩም። ሕጉ ራሱ ምግቡ በተቻለ መጠን ከተመጋቢው ሃይማኖትና ባህል ጋር እንዲስማማ ይላል፤ በ2024 የወጣው ደንብ ደግሞ ምግቡን ወስዶ ቤት መብላትን በተወሰነ ደረጃ ፈቅዷል። ስለዚህ የጾም ሽሮና ምስር መጠየቅ ልመና አይደለም። የአካባቢው ሐበሻ ምግብ ቤት ተጫርቶ በሳምንት ሁለት ቀን ቢያቀርብ ማዕከሉም ይሞላል፣ ነጋዴውም ይጠቀማል። የሌላ አገር ሰው መቅመሱ የማይቀር ነው፤ ሽሮ ጠላት የለውም።

ሕንጻውስ ይመቻል? ሁልጊዜ አይደለም፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። የካርኔጊ ዘመን ቤተ መጻሕፍት ትልቁ ጥፋት ደረጃው ነው። ወደ ዕውቀት ሽቅብ ይወጣል በሚመስል አሠራር ዋናው በር ከመሬት ከፍ ይላል፤ ከሥሩ ግማሹ ከመሬት በታች የሆነ ምድር ቤት አለ። ጉልበት የሚያማቸው ሰው እዚያ ደረጃ ሥር ቆመው ይመለሳሉ። የ1990ው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ስላለ ዛሬ ተዳፋት መንገድና አሳንሰር ግዴታ ነው፤ ብዙ ከተማ ግን የሚሠራው ከጓሮ በኩል፣ በቆሻሻ ገንዳዎቹ መካከል ነው። አረጋውያንን በጓሮ በር ማስገባት ነውር ነው። የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ካለፈ በኋላ የተሠሩት አንድ ፎቅ ቅርንጫፎች ግን ከአስፋልቱ እኩል ናቸው፤ ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ይመስላሉ። ባለሙያ የሚመርጠው እነሱን ነው፣ ምንም እንኳ ፎቶ ላይ ባያምሩ።

ወለሉ ደግሞ የሚያስገርም ነገር አለው። በአሜሪካ የሕንጻ ደረጃ መሠረት የመጽሐፍ መደርደሪያ የሚቆምበት ወለል በካሬ ሜትር ከ730 ኪሎ በላይ እንዲሸከም ሆኖ ይሠራል፤ ሰው ተቀምጦ የሚያነብበት ክፍል ወለል ግን 290 ገደማ ብቻ ነው። ሰው ተሰብስቦ ለሚንቀሳቀስበት አዳራሽ የሚፈለገው 490 አካባቢ ነው። እንግዲህ የአካል ብቃት እንቅስቃሴውም እስክስታውም መደረግ ያለበት መጻሕፍቱ በነበሩበት በኩል ነው፤ ሰፊና የሚያምር ነው ተብሎ የንባብ አዳራሹ ውስጥ ሰው ከማስዘለል በፊት መሐንዲስ ይጠየቅ። ለንባብ ክፍሉ እዚያው መቅረት አንድ ተጨማሪ ምክንያት ይኸው ተገኘ። መብራቱ መጨመር አለበት፤ የ60 ዓመት ሰው ዓይን ውስጥ የሚገባው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚያገኘው አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። ሽንት ቤት መብዛትና መቅረብ አለበት። ወጥ ቤት የለም፤ ምግቡ ተበስሎ የሚመጣ ከሆነ ግን ማሞቂያና ማቅረቢያ ይበቃል።

ተቃዋሚዎች ባዶ እጃቸውን አይመጡም። ጠንካራው መከራከሪያ ብሩክሊን ውስጥ ነው ያለው። የብሩክሊን ሃይትስ ቅርንጫፍ ቤተ መጻሕፍት ቦታ በ52 ሚሊዮን ዶላር ለገንቢ ተሸጠ፤ በቦታው ረጅም የመኖሪያ ሕንጻ ተነሣ፣ ከሥሩም አዲስ ቅርንጫፍ በ2022 ተከፈተ። ከሽያጩ የተገኘው ገንዘብ ጣሪያቸው የሚያፈስ ሌሎች ቅርንጫፎችን ለማደስ ዋለ። ይህን አይቶ ሽያጭ ሁሉ ዝርፊያ ነው ማለት አይቻልም። ቢሆንም 52 ሚሊዮን የሚከፈለው ብሩክሊን ሃይትስ ላይ ነው። የድሃ ሰፈር ቅርንጫፍ ቦታ ሲሸጥ የሚያስገኘው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ያ ሰፈር ግን ሌላ የጋራ ቤት መልሶ የሚገዛበት አቅም የለውም። ሒሳቡ በየሰፈሩ ይሠራ እንጂ ከአንድ ባለጸጋ ሰፈር ተቀድቶ ለሁሉም አይሁን።

ሌሎች ደግሞ አረጋውያንን ለብቻ መሰብሰብ ከኅብረተሰቡ ማግለል ነው ይላሉ። ክርክሩ ክብደት አለው። ሺካጎ ይህን የመለሰችው በሌላ አቅጣጫ ነው፤ በ2019 ኢንዲፔንደንስ እና ኖርዝታውን የተባሉ ሁለት አዲስ ቤተ መጻሕፍት ስትከፍት ከእያንዳንዳቸው በላይ 44 የአረጋውያን መኖሪያ ቤቶችን ሠራች። አሮጊቷ ሊፍት ይዘው ይወርዳሉ፣ ከታች ተማሪዎች የቤት ሥራ ይሠራሉ። ሲልቨር ስፕሪንግም በሰኔ 2015 አዲሱን ቤተ መጻሕፍቷን ስትከፍት አጠገቡ ዕድሜያቸው 62 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች 149 መኖሪያዎች ያሉት ሕንጻ እየተሠራ ነበር። ከካውንቲው ባሶች ጋርም ይገናኛል፤ የባሱ አገልግሎት ራይድ ኦን ከ2025 ጀምሮ ለማንም ተሳፋሪ ነጻ ነው። እነዚህ የሚበረታቱ ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን 44 ቤት 44 ቤተሰብ ነው የሚይዘው፤ ወረፋው ረጅም ነው። መዋያ ማዕከል በቀን መቶ ሰው ተቀብሎ ይሸኛል። መገለሉንም የሚያስቀረው የንባብ ክፍሉ ነው፤ ለሁሉም ዕድሜ ክፍት ሆኖ ከቀረ፣ ከሰዓት በኋላ ተማሪ ይገባበታል፣ ለአንዱ አዛውንት የስልኩን ቅንብር የሚያስተካክልለት፣ ለሌላው የባንክ ደብዳቤውን የሚያነብለት ይገኛል። የቫንኩቨሩ ቤት ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም።

የሕፃናት መዋያ ይቅደም የሚሉ ወላጆችም አሉ፤ አንድ ሕንጻ ለሁለቱ ከበቃ ደግሞ ይበል የሚያሰኝ ነው። ካልበቃ ግን የሕፃናት መዋያ በኪራይ ክፍል፣ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ በሰው ሳሎን ሳይቀር ሲሠራ ይታያል፤ አረጋዊ በነጻ የሚውልበት ሌላ ቦታ ማግኘት ይከብዳል።

የሚቀረው ጊዜው ነው። ቫንኩቨር ሕንጻውን ዘግታ ከዐሥር ዓመት በላይ ተከራክራለች፤ የዋሽንግተኑ ቤት ቋሚ ባለቤት ሳይገኝለት አርባ ሰባት ዓመት አልፏል። የተዘጋ ሕንጻ በየክረምቱ ይበላሻል፣ ቧንቧው ይፈነዳል፣ የእድሳቱ ዋጋ ይወጣል፤ በመጨረሻ መሸጥ ብቻ አማራጭ ይመስላል። ስለዚህ የአዲሱ ቤተ መጻሕፍት በጀት ሲጸድቅ የአሮጌው ዕጣ በዚያው ውሳኔ ውስጥ ይጻፍ። ለግንባታው ገንዘብ የሚፈርም ምክር ቤት ለሚለቀው ቤትም አንድ መስመር መጨመር አያቅተውም።

ይህ ውሳኔ የሚሰጠው ደግሞ በሕዝብ ስብሰባ ነው፤ በዚያ ስብሰባ ላይ ወገኖቻችን የሉም። የአካባቢው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ይመጣል፣ ገንቢው ጠበቃውን ይዞ ይመጣል፣ የመናፈሻ ወዳጆች ይመጣሉ። ስብሰባው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነው። እማማ በዚያ ሰዓት አይነዱም፣ ልጃቸውም ከሥራ አልገባችም፤ ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ስብሰባ መኖሩንም አልሰሙም። የቤተ ክርስቲያን ቦርድ ምርጫ ላይ አዳራሽ የሚሞላው ሕዝባችን የካውንቲ ስብሰባ ላይ አንድ ወንበር አይይዝም። ይህ የካውንቲው ጥፋት ብቻ አይደለም፤ የማኅበሮቻችንም ነው።

መድኃኒቱ ግን ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። አስተርጓሚ አስቀድሞ በጽሑፍ ይጠየቃል። የጽሑፍ አስተያየት በአማርኛ ተጽፎ ከትርጉሙ ጋር ይገባል፤ አንድ ሰንበቴ ከጸበል ጻዲቁ በኋላ በአንድ እሑድ ሁለት መቶ ፊርማ ያሰባስባል። ስብሰባውም ከጠዋቱ አራት ወይም አምስት ሰዓት ላይ፣ ሊዘጋ በታሰበው ቅርንጫፍ ውስጥ እንዲደረግ ይጠየቅ፤ ባሱ እዚያ ይቆማል፣ ወንበሩ አለ፣ ሊመሰክሩ የሚገባቸውም ሰዎች በዚያ ሰዓት እዚያው ጋዜጣ እያነበቡ ነው።